ጨው የናፈቀ ደጋ፣ ጨው የበላው ቆላ

አምበር ከተማ ላይ ቆሞ ስለ ጨዋማ አፈር የሚያወራ ሰው ትንሽ ነካ ያደረገው ሊመስል ይችላል። በእኛ በኩል የአፈር ወሬ ሌላ ነው። ማሳው ኮመጠጠ፣ ኖራው ዘገየ፣ ዋልካው ውሃ ቋጥሮ ስንዴውን ቢጫ አደረገው ነው የሚባለው። ጨው ከሱቅ የሚገዛ፣ ወጥ ውስጥ የሚገባ፣ ሲተርፍ ላሟ የምትልሰው ነገር ነው እንጂ ማሳ የሚያጠፋ ጠላት ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም የጎጃም የጨው ታሪክ የፍለጋ ታሪክ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ከሩቅ አገር የመጣ ሊመስላችሁ ይችላል። የከብት መኖ የሚሆኑት ጥራጥሬዎች፣ እነ አልፋልፋ፣ እነ ሳስባኒያ፣ እነ ማጌት፣ ጨው ሲበዛባቸው ምን ይሆናሉ? ታገሱኝ። ጥያቄው የዕፅዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለግብርና ተማሪዎች እተወው ነበር። ነገር ግን በአገራችን ይህ ጥያቄ የተነሣው የአርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ተወስዶ የጥጥ እርሻ ከሆነ፣ የጥጥ እርሻውም በጨው ተበልቶ ለማንም ሳይሆን ከቀረ በኋላ ነው። አንድ መሬት ሁለት ጊዜ ሲጠፋ ያየ ሕዝብ አለን። (ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከጨው ልጀምር። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520 ከመልእክተኞች ጋር አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ሲቆይ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ጨው ገንዘብ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድም አስተውሏል። ከዳሎል ሜዳ እየተቆረጠ በግመል፣ ቀጥሎም በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጎጃም ሲደርስ ብዙ ኬላ አልፎ፣ ብዙ ቀረጥ ተከፍሎበት ነው። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታላላቆቹ ገበያዎች አንዱ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌና ጨርቅ። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን እየሸፋፈንን የንግድ ታሪክ ማውራት አይገባም።

ታዲያ ጎጃም ጨው የናፈቀው ለምንድን ነው? መልሱ ሰማይ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በክረምት። ይህ ውሃ በሺህ ዓመታት ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟውን ሁሉ ከአፈሩ አጥቦ ወደ ዓባይ ሰዷል። መጀመሪያ ሶዲየሙ ሄደ፤ የወጥ ጨው ግማሹ ማለት ነው። ቀጥሎ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ሄዱ። የቀረው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም አፈሩን አኮመጠጠው። የላሟ ጨው ናፍቆትና የማሳው መኮምጠጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሣሩ ለራሱ ሶዲየም ብዙም አያስፈልገውም፤ የሚበላው ከብት ግን ያለ እሱ አይሆንለትም። አሞሌ ለሰው ገንዘብ፣ ለከብት ደግሞ መድኃኒት የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ አዋሽ እንውረድ። እዚያ ሁሉ ነገር ይገለበጣል።

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ የሸዋን አፈር አጥቦ፣ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ዓባይ የእኛን ጨው ሜዲትራኒያን ድረስ ይሸኘዋል፤ አዋሽ ግን የተሸከመውን ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የሚያራግፈው። መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ አሚባራና ወረር አካባቢ፣ የዓመቱ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፀሐይዋ ልታተን የምትችለው ግን የዚያን አራት እጥፍ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጨውን ወደ ታች የሚያጥብ ዝናብ የለም።

አፋሮች ይህን መሬት ያውቁበት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስስ ዳርና ዳሩ ይረጥባል፣ ውሃው ሲሸሽ ሣር ይበቅላል፣ በጋው ሲጠና ከብቱና ግመሉ ወደዚያ ይወርዳል። ጎርፉ ራሱ የአፈሩ አጣቢ ነበር። ሰው ቦይ ሳይቆፍር ወንዙ በየዓመቱ አጥቦ ያልፋል። ከዚያ በ1960 የቆቃ ግድብ አለቀ፤ ጎርፉ ተገራ፣ መብራትም መጣ። በ1961 የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር ሆኖ በታችኛው አዋሽ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ላይ ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤችቪኤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሸንኮራ ያለማ ነበር። ሱልጣን አሊ ሚራህም በአውሳ የራሳቸውን ጥጥ ያለሙ ስለነበር ታሪኩን «ፈረንጅና መንግሥት በአፋር ላይ» ብሎ ብቻ መተረክ ልክ አይመጣም። ያም ሆኖ የግጦሹ ኪሳራ የወደቀው በተራው አርብቶ አደር ላይ ነበር። ከ1972 እስከ 1974 በነበረው ድርቅ ከብቱ በበጋ የሚወርድበት የወንዝ ዳር ጥጥ ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ረሃብ አፋር ክፉኛ ተጎዳ። የወሎ ረሃብ ስንል የምናስበው ደገኛውን ብቻ ነው፤ ቆላው ግን ቀድሞ ማለቅ ጀምሮ ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ጥጡ ቀጠለ፣ ቦዩ ሰፋ። መልካ ሰዲ ላይ ሙዝም ተተከለ። ጨውም ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ።

እንዴት እንደሚወጣ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ለምሳሌ ያህል ነው። የመስኖ ውሃ ለምላስ ጣፋጭ ነው። አንድ ሊትሩ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ብቻ አለ እንበል። አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጠጣ 10,000 ሜትር ኩብ ነው። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ጨው ግን አይተንም። ማሳው ላይ የቀረው 5,000 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኩንታል ጨው ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሄክታር! በባሶ ገበያ ዘመን ይህን ያህል ጨው የያዘ ሰው በሀብቱ ሠራዊት ያቆም ነበር።

ጨውን ለማጠብ ተጨማሪ ውሃ ይለቀቃል። ያ ውሃ የሚወጣበት ማጠንፈፊያ ከሌለው ከሥር ይጠራቀማል። መስኖው ሲጀመር ብዙ ሜትር ጥልቀት ላይ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። ወደ ገጹ ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀርበው ሌላ ነገር ይጀመራል። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ አፈሩ ውሃውን ከነጨው ወደ ላይ ይስባል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ነጩ ዱቄት መሬቱ ላይ ይቀራል። ከመሬት ሥር የማጠንፈፊያ ቱቦ የተዘረጋው ችግሩ ከታየ በኋላ ነው፤ ያውም ውሃውን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ፣ ነዳጅና ጠጋኝ የሚፈልግ። ሙዙ መጀመሪያ ወደቀ። ጥጥ ግን ቻለ፤ እኔ እንደማስበው ትልቁ ጉዳት የመጣው በዚህ ነው። ጥጥ ከሰብሎች ሁሉ ጨው ከሚችሉት ዋነኛው ስለሆነ ማሳው እየሞተ ምርቱ ደህና ይመስል ነበር። ጥጡ ራሱ ማቃሰት ሲጀምር ሌላው ተክል ሁሉ ከዚያ ማሳ ከወጣ ቆይቷል።

ላይኛው በኩል መተሐራ የሚያልፍ ሰው በሰቃ ሐይቅን አይቶት ይሆናል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የከረዩን ግጦሽ ዋጠ፣ መንገዱንና ሐዲዱን አስቸገረ። ስለ መንስኤው ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከዙሪያው የመስኖ እርሻ የሚወርደው ውሃ ግን ከተከሳሾቹ ስም ዝርዝር ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥራጥሬዎቹ እንምጣ፤ ወደ ሥራቸው።

ጨው ተክልን በሁለት መንገድ ይጎዳል። የመጀመሪያውን ቋንጣ የሠራች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ሥጋ በጨው ሲታሽ ውሃው ይወጣል። ሥርም እንዲሁ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ጨው ስለበዛበት ሥሩ ውሃውን መሳብ ይሳነዋል። ተክሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይመጣል። ሶዲየምና ክሎሪን ቅጠል ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ የፖታሲየምን ቦታ ይቀማሉ፣ የአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጠርዝ እንደተለበለበ ይሆናል። ይህ እስካሁን ከሌሎች ተክሎች የተለየ አይደለም።

ጥራጥሬን ልዩ የሚያደርገው ብቻውን አለመኖሩ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ይከፍሉታል። ባቄላ ያለ ዩሪያ የሚበቅለው፣ የአልፋልፋ ድርቆሽም በፕሮቲን የጤፍ ጭድን የሚያስከነዳው በዚህ ውል ነው። ጨው ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈርሰው ይህ ውል ነው። የሚገርመው ባክቴሪያው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከተክሉ የበለጠ ጨው ይችላል። ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ባክቴሪያው የሚገባው በቀጫጭኖቹ የሥር ፀጉሮች በኩል ሲሆን፣ ጨው የበዛበት ሥር ፀጉሩን አያበቅልም፣ ቢያበቅልም አይጠመዝዘውም። እንግዳው ደጃፍ ደርሷል፤ በር ከፋች የለም። ቀድሞ የገባውም ቢሆን በጨው የተጨነቀ ተክል ስኳር ስለሚያጎድልበትና ወደ እባጩ የሚገባው አየር ስለሚያጥር ሥራውን ያቆማል። ለዚህ ነው ዩሪያ ያገኘ ጥራጥሬ በእባጩ ብቻ ከሚኖረው ይልቅ ጨውን የሚታገሰው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ባቄላም ሆነ አልፋልፋ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡና እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ይሠራል፤ ከደም ጋር የሚመሳሰል ነገር አለውና። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ውሉ ፈርሷል።

ቁጥሩን የሚወድ ካለ ይኸው። ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ላይ ያለው የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ ከ1937 ጀምሮ ይህን ሲለካ ኖሯል። በ1977 ማስና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ሰብል አቅም በሰንጠረዥ አወጡ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ ከአፈሩ የተጨመቀው ውሃ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው የሚነግረን። 4 ሲደርስ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ምርት አይቀንሱም። አልፋልፋ ግን 2 ላይ ነው መቀነስ የሚጀምረው፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዷ ጭማሪ ቁጥር ከመቶ 7 ገደማ ያጣል። የፈረንጆቹ ማጌቶች 1.5 ላይ ጀምረው በየቁጥሩ ከመቶ 12 ያጣሉ። እንግዲህ አፈሩ 6 ላይ ቢሆን ጥጡ ምንም አልሆነም፣ አልፋልፋው ከምርቱ ሢሶውን ሊያጣ ተቃርቧል፣ ማጌቱ ከግማሽ በላይ ሄዷል። 10 ሲደርስ ማጌት የሚባል ነገር የለም።

የአልፋልፋና የማጌት ልዩነት ከየት መጣ? እዚህ ላይ ታሪክ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አልፋልፋ የፋርስና የዙሪያዋ ልጅ ነች። ስሟ ራሱ በዓረብኛ በኩል ከጥንት ፋርስኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የፈረስ መኖ እንደ ማለት ነው። ሮማዊው ፕሊኒ ወደ ግሪክ የገባችው ከፋርስ ጦር ጋር ነው ይላል፤ የጦር ፈረሶቹ ቀለብ ሆና። ደረቅ አገር፣ ብርቱ ፀሐይ፣ ጨው የሚነካካው አፈር፣ ጥልቅ ውሃ፤ በዚያ የኖረ ተክል ሥሩን ብዙ ሜትር መስደድና ሶዲየምን ከቅጠሉ ማራቅ ተምሯል። የእኛ ማጌት ደግሞ የደጋ ዋልካ ልጅ ነው። በክረምት ውሃ በቋጠረ ሜዳ ላይ፣ ከአምበር እስከ ቢቸና ባለው ጥቁር አፈር ዳር ዳር፣ መስከረም ላይ አበባውን አምርቶ የምናየው እሱ ነው። ውሃ መቋጠርን ይችላል። ጨውን የሚለምድበት ምክንያት ግን አልነበረውም፤ ጨው እኮ አያቶቻችን በወርቅ ሲገዙት የነበረ ነገር ነው።

ስለ ጥንት ከተነሣ የሜሶጶጣሚያን ታሪክ ሳይጠቅሱ አይታለፍም። ደቡብ ኢራቅ ላይ ስንዴ ቀስ በቀስ ለገብስ ቦታውን እንደለቀቀና ምክንያቱም የመስኖ ጨው እንደነበር በ1958 ጃኮብሰንና አዳምስ ጻፉ። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ማስረጃው ይህን ያህል አያናግርም ብለው ተከራክረዋቸዋል። እኔ ከዚያ ክርክር ይልቅ የዓባይ ወንዝ ማዶ ቤት ልምድ ይስበኛል። ግብፆች በርሲም የሚባል ማጌት አላቸው፤ በክረምት ይዘሩታል፣ ደጋግመው እያጠጡ ደጋግመው ያጭዱታል። ጨዋማ መሬት ሲያቀኑም በርሲም ያስገባሉ። በርሲም ጨው ቻይ ሆኖ አይደለም፤ አቅሙ ከማጌት ወገን ብዙም አይርቅም። ሚስጥሩ ማጠጣቱ ነው። ደጋግሞ የሚለቀቀው ውሃ ጨውን ያጥባል፣ ከሥር ያለው ማጠንፈፊያ ይሸኘዋል፣ ገበሬው በመሐሉ ለጎሹ መኖ ያገኛል።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። «ጨው የሚመጥ ተክል» የሚል ወሬ በየስብሰባው ይሰማል። እስቲ እናስላው። ከአንድ ሄክታር 100 ኩንታል ደረቅ መኖ ታጨደ እንበል፤ ጥሩ ምርት ነው። ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ጨው ቢሆን እንኳ 2 ኩንታል ነው። ቀደም ብለን ያሰላነው በመስኖ የሚገባው 50 ኩንታል ነበር። በማጨድ ጨው አያልቅም። የመኖ ጥራጥሬ ውለታ ሌላ ነው። ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ ትነቱን ይቀንሳል። ሥሩ የታፈነውን አፈር ሰርስሮ ውሃ ማስገቢያ ይከፍታል። የአልፋልፋ ጥልቅ ሥር ከታች ያለውን ውሃ እየጠጣ ወደ ላይ እንዳይመጣ ያግዛል። ከሥሩ የሚወጣው አየርም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራ እያሟሟ ካልሲየም ይለቅቃል፣ ካልሲየሙ ሶዲየምን ከአፈሩ ቅንጣት ያፈናቅላል። የተፈናቀለውን ግን የሚወስደው ውሃ ነው።

ወረር የሚገኘው የምርምር ማዕከል ለረጅም ዓመታት በዚህ ላይ ሠርቷል። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ዱባይ ካለው ዓለም አቀፍ የባዮሳላይን ግብርና ማዕከል ጋር፣ በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ገንዘብ፣ ጨው በበላው ማሳ ላይ የመኖ ሣሮችና ጥራጥሬዎች ተሞክረዋል። ሮደስ ሣርና መሰሎቹ በአንድ በኩል፣ አልፋልፋና ሳስባኒያ በሌላ በኩል። ከላይ ካለው ሰንጠረዥ እንደምንጠብቀው ሣሮቹ የበለጠ ጠነከሩ። ታዲያ ጥራጥሬው ለምን ይደከምለታል? ሣር ብቻ የበላ ግመልና ላም ሆዱ ይሞላል እንጂ ወተቱ አይሞላም፤ ፕሮቲኑ የጥራጥሬው ነው። ጥራጥሬው ደግሞ የሚሸነፈው በቡቃያነቱ ነው። አልፋልፋ አንዴ ሥር ከሰደደች ብዙ ትታገሳለች፤ ስትበቅል ግን ጨቅላ ነች። ስለዚህ ከመዝራት በፊት ማሳውን ማጠጣት፣ የላይኛውን ጨው ወደ ታች ማውረድ፣ ከዚያ መዝራት፣ ጨው በሚጠራቀምበት የመደቡ አናት ላይ ሳይሆን በጎኑ ማድረግ፤ ለውጥ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ቀልድ አለ። አዋሽ ላይ ጨውን ፍጹም ያሸነፈ ጥራጥሬ አለ፤ ያውም ፍሬው ለከብት የሚሆን። ስሙ ፕሮሶፒስ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለጥላ፣ ለማገዶና በረሃን ለመከላከል ተብሎ ገባ። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፣ እባጭም አለው፣ የቅርብ ዘመዶቹ በባሕር ውሃ መጠን ጨው ባለበት እንኳ ሕይወት እንደሚዘሩ ተለክቷል። ማሳው ጨው በልቶት ሲተው እሱ ገባበት። ፍየልና ከብት ፍሬውን ይበላሉ፣ ዘሩን በእበታቸው ይዘራሉ፣ እሾሁ ግጦሹን ይዘጋል። አፋሮች በየዘመኑ ባለው መንግሥት ስም ሲጠሩት ኖረዋል፤ አንዴ የደርግ ዛፍ፣ አንዴ የወያኔ ዛፍ። ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ትንታኔ በጋዜጣ አላነበብኩም። እንግዲህ ጨው መቻል ብቻውን መልካም ጠባይ አይደለም። «ጨው የሚችል ዘር አገኘን» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ሲበቃን ይወጣልን?» መሆን አለበት።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ በምህጻሩ ኢልካ፣ በ1974 አዲስ አበባ ሲቋቋም የመኖ ዘር መሰብሰብ ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። የእኛን ማጌቶች በየደጋው እየዞሩ የሰበሰቡትና ያጠኑት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ኢልሪ በሚባለው ተተኪው ግቢ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የመኖ ዘር ዓይነት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ሳስባኒያን፣ ሉሲኒያን፣ ትሪ ሉሰርንን፣ ቬችን በየደጋው አዳረሰ። መልካም ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመኖ ዘር ሲታደል አፈሩ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለወረር የምትመከረው አልፋልፋ እዚህም ትመጣለች። ዘሯ አንድ ነው፣ መመሪያው አንድ ነው፣ አፈሩ ግን ሰማይና ምድር ነው።

አልፋልፋ በኮመጠጠ ማሳ ላይ ስትዘራ የሚሆነውን የጨውን ታሪክ ያነበበ ሰው ወዲያው ይለየዋል። አሉሚኒየሙ የሥር ጫፉንና የሥር ፀጉሩን ይመታል። የእሷ ባክቴሪያ ደግሞ ኮምጣጣ አፈር ከማይችሉት ወገን ነው። እንግዳውም ቤተኛውም ይወድቃሉ። እባጩ አይወጣም፣ ቅጠሉ ይቢጣል፣ ገበሬውም «አልፋልፋ የእኛን አገር አትወድም» ብሎ ይነቅላታል። ምስሉ አሚባራ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ነው፤ ጠላቱ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ እዚያ ማጠብ፣ እዚህ ኖራ።

ኖራ እስኪገኝ ምን ይሁን? አባቶቻችን አፈሩን ቀድመው ያውቁት ነበር ባይ ነኝ። ከማቻከል ጀምሮ ወደ ምዕራብ ኮምጣጣው መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራው አረቄው ስለተወደደ ብቻ አይደለም። ግብጦ ከነባክቴሪያው ኮምጣጣ አፈር ይችላል። መራራነቱን ግን ለከብትም ለሰውም ማስለቀቅ ይፈልጋል። ዋልካው ላይ ጤፉ ከተነሣ በኋላ በቀረችው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ጭዱ ለበሬ ነው፣ እህሉ በክፉ ቀን ለሰው። የጓያን ጣጣ ለጎጃሜ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ድርቅ ሲበረታ መርዙ እንደሚጨምር፣ ሰው ሌላ የሚበላው ሲያጣ እሱን ደጋግሞ በልቶ እግሩ እንደሚሰበር። መርዙ የቀነሰው ዋሴ የተባለው ዝርያ በ2006 ወጥቷል። ማጌት ደግሞ ማንም ሳይዘራው ሜዳው ላይ አለ፤ ሜዳው ራሱ እየታረሰ ሲያልቅ ግን እሱም እያለቀ ነው።

«ታዲያ ነገ የመስኖ ስንዴ ሲስፋፋ ጎጃምም ጨው ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር በመስኖ ይለማል፣ ሌላውም ይከተላል። አላስፈራራችሁም፤ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ በየክረምቱ እያጠበ ደጋው እንደ አሚባራ አይሆንም። የውሃ መቋጠሩ ግን ከወዲሁ አለ። ዋልካ ላይ በበጋ የሚለቀቅ ውሃ መውጫ ካልተበጀለት ሥሩን በጨው ሳይሆን በአየር እጦት ነው የሚያንቀው፤ እባጩ ደግሞ ያለ አየር አይሠራም። ኢልካዎች በ1980ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ቢቢኤም የሚሉትን መደብ ማውጫ የሠሩት ይህን አይተው ነው። ቦይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ማጠንፈፊያ ሲመረቅ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

በመጨረሻ ከአምበር ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ተመልከቱልኝ። ሉማሜን፣ ደጀንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃን ስትወርዱ የገደሉን ግድግዳ እዩት። ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዚያ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ እዚህ ባሕር ነበር፤ ኖራውና ጂፕሰሙ የዚያ ባሕር ቅሪት ናቸው። ኖራው ለአምበር ኮምጣጣ ማሳ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ስለሚፈልግ የሚከብደው ድንጋዩ ሳይሆን መፍጨቱና ማጓጓዙ ነው። ጂፕሰሙ ደግሞ ሶዲየም ለበዛበት የቆላ አፈር የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ያፈናቅላል። ነገር ግን ማጠንፈፊያ በሌለው የአሚባራ ማሳ ላይ ቢበተን የተፈናቀለው ሶዲየም መውጫ የለውም። በሚቀጥለው በጋ በዚያው በኩራዝ ክር ተስቦ ወደ ላይ ይመለሳል፣ አልፋልፋዋንም ገና በቡቃያዋ ያገኛታል።